ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ

መቀመጥ አልችልም። በሽታ ይሁን ዐመል እስከ ዛሬ አልለየሁትም። እናቴ ገና ዳዴ ስል ጀምራ «ይህን ልጅ ጉንዳን ወሮታል» ትል ነበር። ቤተ ክርስቲያን ስትወስደኝ ቅዳሴው ሳያልቅ ሦስት አራት ጊዜ ወጥቼ እገባለሁ። አባቴ ወታደር ነበርና ዝም ብሎ መቆምን እንደ ትልቅ ሙያ ይቆጥረዋል። በእኔ ምን እንደሚሰማው በቃል ነግሮኝ አያውቅም። ከገበታ ተነስቼ ስንቆራጠጥ ግን ጉርሻውን በእጁ እንደያዘ ጥቂት ያየኝና ዐይኑን ወደ እናቴ ይመልሳል። የአንቺ ወገን ነው ማለቱ ነበር።

ሰው አሳቂ ያደረገኝም ይኸው ነገር ነው። አንድ ቦታ መርጋት ያቃተው ሰው ሌላ ሌላ ሰው እየሆነ ይዞራል። ያደግኩት ሐረር ውስጥ፣ ከሸዋ በር ውጭ፣ የወታደር ቤተሰብ በሚኖርበት ሰፈር ነው፤ ጣሊያን ከወጣ ገና ብዙ ዓመት አልሆነውም ነበር። የመቶ አለቃውን አካሄድ፣ የንስሐ አባታችንን ጉሮሮ አጠራረግ፣ ሸዋ በር ገበያ ላይ ሽንኩርት የምትሸጠውን ሴትዮ ግልምጫ እየቀዳሁ ጎረቤቱን አስቅ ነበር። ትምህርቴን ጨርሼ አንድ መሥሪያ ቤት ግልባጭ ጸሐፊ ሆኜ ስቀጠርም አልተውኩትም። አለቃዬ ወጣ ሲሉ እኔ አለቃዬን ሆኜ እጠብቃቸዋለሁ።

ጓደኛዬን ያገኘሁት በዚያን ጊዜ ነው። ከጎጃም ተመድቦ የመጣ መምህር ነበር፤ ረጅም፣ ቀጭን፣ ፊቱ ሁልጊዜ የሁዳዴ ዓርብ የሚመስል ሰው። አብረን ቧልት እንሠራ ጀመር። አሠራራችን ቀላል ነበር፤ እሱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ጋዜጣ ያነባል፣ እኔ በዙሪያው እሮጣለሁ። ባለጉዳይ እሆናለሁ፣ ባላገር እሆናለሁ፣ ልጇን ለማስመዝገብ የመጣች እናት እሆናለሁ። እሱ በየመሀሉ ጋዜጣውን ዝቅ አድርጎ አንድ ቃል ይናገርና መልሶ ይሸፈናል። እሑድ ከሰዓት በኋላ በመምህራን ክበብ፣ በበዓል ቀን በጦር ሰፈሩና በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሰው እስኪያለቅስ አሳቅን። እኔ ሳቁ ሁሉ የእኔ ይመስለኝ ነበር።

አባቴ ጡረታ ወጥቶ ከእናቴ ጋር ወደ ሸዋ ሲመለስ እኔ ከተማውን የከበበው ግንብ ውስጥ ገብቼ ፈላና በር አካባቢ ክፍል ተከራየሁ። የግቢው ጌታ መጽሐፍ ጠራዥ ሽማግሌ ነበሩ። መካ ደርሰው የመጡ ስለሆኑ አገሩ ሁሉ ሐጂ ይላቸዋል፤ እኔም ሐጂ እላቸው ነበር። የእኔ ክፍል ከግቢው ፎቅ ላይ ያለችው ጠባብ ክፍል ስትሆን፣ እሳቸውና ባለቤታቸው የሚኖሩት ከታች በትልቁ ቤት ነው።

የአገሩ ቤት ወንበር የለውም። ወለሉ ራሱ ከፍና ዝቅ ብሎ በመደብ መደብ የተሠራ ነው። የትኛው መደብ የማን እንደሆነ እዚያ ቤት የተወለደ ሁሉ ሳይነገረው ያውቀዋል። እኔ ደግሞ የተወለድኩት ሌላ ቤት ነው። በመጀመሪያው ቀን ሐጂ ሻይ እንድጠጣ ጠሩኝ። እኛ ዘንድ ጨዋ ሰው ሰው ቤት ሲገባ «ኧረ ወደ ውስጥ ዝለቅ» እየተባለ እንኳ እምቢ ብሎ በር አጠገብ ኩርምት ይላል። እናቴን እንዳላሰድባት ብዬ ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከበሩ አጠገብ ባለው መደብ ጫፍ ላይ በትሕትና ቁጭ አልኩ። ሐጂ ቆመው አዩኝ። ከበሩ ኋላ ወዳለችው ጠባብ መደብ ሄደው ተቀመጡና ስለ ወላጆቼ ጤንነት ይጠይቁኝ ጀመር። ከውስጠኛው ክፍል የታፈነ ሳቅ ሲያመልጥ ሰማሁ፤ ባለቤታቸው ነበሩ።

ነገሩን ያስረዱኝ እኒሁ ባለቤታቸው ናቸው፤ እኔ እማማ እላቸዋለሁ። በሳምንቱ ግቢው ውስጥ አገኙኝና ገና ሳቃቸው ሳያልቅ ነገሩኝ። ከበሩ አጠገብ ያለው የአባወራው መደብ ነው፤ የሚገባውንና የሚወጣውን ማየት ያለበት እሱ ነዋ። ከበሩ ኋላ ያለችው ደግሞ ቤቱ ገና ያላወቀው እንግዳ የሚቀመጥባት ናት። እንግዲህ እኔ በትሕትናዬ ባለቤቱን ከቦታቸው አስነስቼ የእንግዳ ቦታ አስቀምጫቸው ነበር። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

በሁለተኛው እሑድ ስገባ ከበሩ ኋላ አንዲት ትራስ ተቀምጣ ጠበቀችኝ። የእኔ ናት። ከዚያ በኋላ በዚያ ቤት ስለ ደረጃዬ ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም፤ የምትናገረው ትራሷ ነበረች። አምስት ወር ያህል ከበሩ ኋላ ቆየች። ከዚያ አንድ እሑድ ወጣቶች የሚቀመጡበት ትንሹ መደብ ላይ አገኘኋት። ሌላም ጊዜ አለፈ። እኛ ዘንድ እንግዳ ሲሰነብት ይቀልላል፤ እዚህ ቤት ግን ሲሰነብት ይከብዳል። ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ሲል ትራሷ ሽማግሌዎቹ በሚቀመጡበት ትልቁ መደብ ላይ፣ ከሐጂ ቀኝ ብዙም ሳትርቅ ተቀምጣ አየኋት። ያን ቀን ሻዩን እንዴት እንደጠጣሁት አላስታውስም። ደመወዝ ሲጨመርልኝ እንኳ እንዲያ ደስ ብሎኝ አያውቅም።

እዚያ ያወጣኝ ማንበቤ ነው። ሐጂ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠርዙት ቁርአን ነበር፤ እሱን በቃላቸው ያውቁታል። ሌላ መጽሐፍ ሲመጣላቸው ግን ሳይሰሙት መርፌ አያነሱም። ባለመጽሐፉ ቁጭ ብሎ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያነብላቸዋል፤ ካልፈለገ ይዞት ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ስጠይቃቸው፣ ውስጡን የማላውቀው ሰው ቤቴ አያድርም፣ መጽሐፍም እንደዚያው ነው አሉኝ። እኔን ውስጤን ሳያውቁ ማሳደራቸውን ሳስታውሳቸው ሳቅ አሉና እሱን ገና እያነበብን ነው አሉ። አማርኛ ማንበብ ስለማይችሉ የአማርኛው አንባቢ እኔ ሆንኩ። እኔ ለራሴ ግማሽ ገጽ አንብቤ የምነሳው ሰው እሳቸው ፊት አንድ ሰዓት ሙሉ አነብ ነበር። በየመሀሉ ተነስቼ መንጎራደዴ ባይቀርም፣ እሳቸው ዐይናቸውን ጨፍነው ስለሚሰሙ አያዩኝም ብዬ እጽናናለሁ።

እንዲህ ሆኜ ሳለ ጓደኛዬ ወደ ጎጃም ተዛወረ። ሸዋ በር አውቶቡስ ላይ ሸኘሁት። ፊቱ እንደ ልማዱ ዓርብ ነበር፤ አውቶቡሱ ሲነሳ ብቻ ጋዜጣውን አወጣና ፊቱን ሸፈነበት። ሳቅኩ። ወደ ቤቴ ስመለስ ግን እያለቀስኩ ነበር።

ብቻዬን የሠራሁበትን የመጀመሪያ እሑድ ባላስታውስ ደስ ይለኛል። ባዶ ወንበር መሀል ላይ አስቀምጬ እንደ በፊቱ ዙሪያውን ሮጥኩ። ማንም አልሳቀ። ባለጉዳይ ሆንኩ፤ አልሳቁም። እናት ሆንኩ፤ ከኋላ አንድ ሰው አዛጋ። አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም የሚባለው ያን ቀን ገባኝ። ሰው የሚስቀው በእኔ ሩጫ ሳይሆን በጓደኛዬ ዝምታ ነበር። ወደ በሩ እያየሁ ልሽሽ ይሆን ስል ነው፣ ሳላስበው ባዶው ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ሐጂን የሆንኩት።

ክሩን በከንፈሬ አረጠብኩ። መርፌውን ወደ ብርሃን አንስቼ አንድ ዐይኔን ጨፈንኩ። መጽሐፉን ጆሮዬ ላይ አድርጌ እንደ ሐብሐብ አንኳኳሁት፤ ሐጂ ሙጫው መድረቁን የሚያውቁት እንዲያ ነው። ከዚያ በእሳቸው አማርኛ፣ በእሳቸው ወላሂና በእሳቸው ሱብሐነላህ፣ አንድ ሞኝ ጸሐፊ መጥቶ መደባቸውን እንዴት እንደቀማቸው አወራሁ። ትንሽ ጨመርኩበት። መደቡን የተነጠቁት ሽማግሌ ቤታቸው ውስጥ መቀመጫ አጥተው ሲንከራተቱ፣ በመጨረሻም ሚስታቸውን ቦታ ሲለምኑ አሳየሁ። አዳራሹ ተናጋ። መምህራኑ ጠረጴዛ ደበደቡ። ድገመው አሉኝ፤ ደገምኩት። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል ይህ ነው፤ ሌላ ስንት ሰው መሆን ስችል እሳቸውን ሆንኩ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የክበቡን ሻይ ቅጠልና ስኳር የሚያቀርብ ነጋዴ በሩ ላይ ቆሞ አይቶኝ ለገበያው አውርቶ ኖሯል። በሦስተኛው ሳምንት ከሐጂ ዘንድ ሻይ ልጠጣ ጫማዬን አውልቄ ስገባ ትልቁ መደብ ላይ ትራሴ የለችም። ዞር ብዬ አየሁ። ከበሩ ኋላ ነበረች።

ሐጂ ሰላምታቸውን አልቀነሱም። የእናቴን፣ የአባቴን፣ የመሥሪያ ቤቴን ደኅንነት ጠየቁኝ። ሻዩም ያው ሻይ ነው፤ ቅርንፉዱ እንኳ አልጎደለም። ቢቆጡኝ በወደድኩ። ይቅርታ ልጠይቅ አፌን ስከፍት ሻይህ እንዳይቀዘቅዝ አሉኝ። እንደገና ስጀምር እማማን ሌላ ይቅዱለት አሏቸው። እንደዚያ እያልን ሦስት ብርጭቆ ጠጥቼ ወጣሁ።

መጀመሪያ የተናደድኩት በእሳቸው ነው። ቀልድ አያውቁም እንዴ? ሰው የሚቀዳው የሚወደውን አይደል? ይህን እያልኩ ከፈላና በር እስከ ሸዋ በር በጠባቡ መንገድ እጣደፋለሁ፤ ሰው ሰላም ሲለኝ አልሰማም። ወደ ክበቡ መሄድ አስጠላኝ። መሥሪያ ቤት አንዱን ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ገልብጬ አለቃዬ ጮሁብኝ። ቤቴ ስገባ በግቢው በኩል ማለፍ አለብኝ፤ የሐጂ በር ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ እንዳያዩኝ በግድግዳው ጥግ እሄዳለሁ፤ እሳቸው ግን መደባቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። መደቡ የተሠራው ለዚያ ነዋ። ንዴቴ ሲበርድ ያገኘሁት ሐፍረት ነበር። ቤቱ ለሁለት ዓመት ያነበበኝን በሦስት እሑድ ቀድጄዋለሁ። ከሁሉም የሚቆጨኝ ያቺ ቦታ ነበረች። የምፈልገው ወደ እሷ መመለስ ብቻ ነው፤ በምን መንገድ እንደምመለስ ግን አላወቅኩም።

ሥራ የሌለኝ ቀን ሐኪም ወደሚባለው ከከተማው በላይ ወዳለው ጋራ እወጣ ጀመር። ከላይ ሆኜ ግንቡን አሻግሬ እያየሁ ብቻዬን አወራለሁ። ድንጋይ መርጬ እቀመጥና አንዱን ሰው እሆናለሁ፤ መቀመጥ ስለማልችል እነሳና ወደ ሌላው ድንጋይ እሄዳለሁ፤ እዚያ ስደርስ ሌላ ሰው ሆኛለሁ። እንጨት ለቅመው የሚመለሱ ሴቶች እያዩኝ በኦሮምኛ አንድ ነገር ተባብለው ፈጠን ብለው አለፉ። እብድ መስያቸው ነበር። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ሰውዬው አንድ፣ መቀመጫው አምስት። ጓደኛ አያስፈልገኝም፤ የሚያስፈልገኝ መደብ ነው።

ወደ ቤቴ ወርጄ መጻፍ ጀመርኩ። የአንድ ሰው ቲያትር ነው። አዲስ የተመደበ ጸሐፊ ወደማያውቀው ቤት ይገባል፤ የት እንደሚቀመጥ አያውቅም። በተቀመጠበት መደብ ሁሉ የመደቡን ባለቤት ይሆናል፤ ሽማግሌ፣ ሙሽራ፣ ተማሪ፣ የማይታወቅ እንግዳ። ዘጠኝ ወር ፈጀብኝ። ቆሜ ጻፍኩት፤ መስኮቱ ደፍ ላይ፣ አንዳንዴም እየሄድኩ። ከበሩ አጠገብ ላለው መደብ የጻፍኩት የወረቀት ቅጠል የሐጂ ነበር፤ ክሩም፣ መርፌውም፣ ጆሮ ላይ ማንኳኳቱም። ከሁሉም ይበልጥ ያማረው እሱ ነው። ሁሉንም በጥሩ ወረቀት ገልብጬ ከጨረስኩ በኋላ ያን ቅጠል በምላጭ ቆርጬ አወጣሁት። ሁለተኛ እሳቸውን አልሆንም ብዬ ለራሴ ምዬ ነበርና።

መድረክ ላይ ከሳሙና ሣጥን አምስት መደብ ሠራሁ። ከበሩ አጠገብ ያለውን ባዶ ተውኩት፤ ሌሎቹ ሁሉ ወደ እሱ ዞረው ይናገራሉ። ጽሑፉ ለሳንሱር ተልኮ ማኅተም ተደርጎበት ሲመለስ በማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሠራሁት። ሰው ሳቀ፤ ቀጥሎ ደግሞ ዝም አለ፤ እንዲህ ያለ ዝምታ ከዚያ በፊት አግኝቼ አላውቅም። በሚቀጥለው እሑድ እንደገና ሠራሁት። ድሬዳዋም ወሰድኩት፤ ጅጅጋም። ቀድሞ ቀልደኛው የሚሉኝ ሰዎች ደራሲው ይሉኝ ጀመር። ከአዲስ አበባ አንድ አሳታሚ፣ በመጽሐፍ መልክ አወጣዋለሁና ጽሑፉን ላክልኝ ብሎ ጻፈልኝ። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በየቦታው ሠርቼ ስወጣ አንድ ነገር እንደረሳ ሰው ኪሴን እዳብሳለሁ። በየከተማው ከሚያዩት መሀል አንድ ሰው ሁልጊዜ ይጠይቀኛል፤ እዚያ ባዶው ላይ የሚቀመጠው ማን ነው? አላውቅም እላለሁ።

ጽሑፉን እንዲሁ እንደታጠፈ፣ ሳይሰፋ መላክ አልፈለግኩም። መጠረዝ ነበረበት። በሐረር ደግሞ ከሐጂ ሌላ እጅ ይንካው ማለት አልሆነልኝም፤ ቢሆንልኝም አላደርገውም ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ይዤው ገባሁና ከበሩ ኋላ ትራሴ ላይ ተቀመጥኩ። ትራሴ ወደዚያ ከተመለሰች ዓመት አልፏታል። ሐጂ ወረቀቱን ተቀብለው በመዳፋቸው መዘኑት፤ ከዚያ መልሰው ሰጡኝና አንብብ አሉኝ።

ሦስት ቀን አነበብኩላቸው። ዐይናቸውን ጨፍነው ሰሙ። እማማ ከውስጠኛው ክፍል ሆነው ይሰማሉ፤ ሙሽራዋ ጋ ስደርስ ሳቃቸው ይመጣል። ሐጂ አልሳቁም፤ አልተቆጡምም። በሦስተኛው ቀን ጨርሼ ዝም ስል ዐይናቸውን ገለጡና ወረቀቱን ተቀበሉኝ። አውራ ጣታቸውን በእጥፋቱ ላይ ከላይ ወደ ታች አወረዱ። መሀል ላይ ሲደርሱ ቆሙ።

«እዚህ ቅጠል ተቆርጧል» አሉ።

እጥፋቱን ወደ በሩ ብርሃን አዘንብለው አሳዩኝ።

«ወረቀት ሲታጠፍ ሁለት ቅጠል ነው። አንዱን ብትቆርጥ ጓደኛው ይላላል፤ ብሰፋውም አይቆይልህ። ምን ነበረበት?»

ልዋሽ ፈልጌ ነበር። ቀለም ፈሶበት ነው ልላቸው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተነስቼ ቆምኩ፤ መቼም እንደ ልማዴ መንጎራደድ አማረኝ፤ ግን የምሄድበት አጣሁ።

«እርስዎ ነበሩበት» አልኳቸው።

«አውቃለሁ። ገበያው ሙሉ ነግሮኛል።» ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡ። «መምህራኑ አይተውኛል፤ ነጋዴው አይቶኛል። ወላሂ፣ እኔ ብቻ አላየሁኝም። ሰውን በሌለበት ካወራኸው ሐሜት ነው፤ ሐራም ነው። ፊቱ ላይ ካወራኸው ግን ጨዋታ ነው። ለምን አልጠራኸኝም?»

በዚያ ሁሉ ጊዜ ያዘኑት በመቀዳታቸው ይመስለኝ ነበር። ሳይጋበዙ በመቅረታቸው መሆኑ አንድም ቀን አልታሰበኝም። ጠርቻቸው ቢሆን ይመጡ ነበር እንዴ ብዬ አሰብኩ፤ ጥቁር ኮታቸውን ለብሰው፣ ከፊት ወንበር ላይ፣ በመምህራኑ መሀል። ይመጡ ነበር።

«ቅጠሉ የት አለ?» አሉኝ።

አልጣልኩትም ነበር። ፎቅ ወጥቼ ከሣጥኔ ሥር አውጥቼ ይዤው ወረድኩ። ስመለስ ሐጂ መደባቸው ላይ የሉም። ከበሩ ኋላ፣ የእኔ ትራስ ላይ፣ እግራቸውን አጣጥፈው ተቀምጠዋል። ከበሩ አጠገብ ያለው የአባወራው መደብ ባዶውን ነው።

ገባኝ፤ ግን አልተንቀሳቀስኩም።

«ያለ ቦታው አይሆንም» አሉኝ። «ሂድ ተቀመጥ። መጀመሪያ ቀንም ያለ ፈቃድ ተቀምጠህበታል፤ ዛሬ በፈቃድ ነው።»

ተቀመጥኩ። ስንት አዳራሽ ያላስፈራኝ ሰው በአንድ ሽማግሌ ፊት ቃሉ ጠፋብኝ። ከእዚያ መደብ ላይ በሩ ሙሉ ይታያል፤ ግቢውም፣ የእኔ ደረጃም፣ ስንት ጊዜ በግድግዳ ጥግ ሾልኬ ያለፍኩበት መንገድም። ሁሉን ያዩ ነበር። ክሩን አነሳሁና በከንፈሬ አረጠብኩ።

«በግራ ነው» አሉኝ ከበሩ ኋላ። «የቀኙ ጥርሴ ወልቋል፤ በቀኝ ክር አይያዝልኝም።»

እማማ ከውስጥ ሳቃቸውን ለቀቁት። እኔም በግራ አረጠብኩት። መርፌውን አነሳሁ፤ ያኛው ዐይን ነው አሉኝ፤ ቀየርኩ። መጽሐፉን ጆሮዬ ላይ አንኳኳሁ። ማሻአላህ አሉ። መደቡን የተነጠቁት ሽማግሌ መቀመጫ አጥተው ሚስታቸውን የሚለምኑበት ላይ ስደርስ ሐጂ መጀመሪያ ትከሻቸው ተነቀነቀ፤ ከዚያ ኮፍያቸው እስኪወልቅ ሳቁ። ዐይናቸውን በኩታቸው ጫፍ ጠራርገው እንደገና ከመጀመሪያው ጀምር አሉኝ። ጀመርኩ። ፀሐይ ግቢውን ለቃ እስክትሄድ አራት ጊዜ አሠሩኝ፤ በአንዱም ከመደቡ አልተነሳሁም። አለመነሳቴን እንኳ ያወቅኩት ኋላ እግሬ ሲደነዝዝ ነው።

ቅጠሉን በቀጭን ወረቀት ከተቆረጠበት ጠርዝ ጋር አጣብቀው ከጓደኛው ጋር ሰፉት። በሚቀጥለው እሑድ ትራሴ ትልቁ መደብ ላይ ነበረች። ስለዚህም ማንም ምንም አላለም።

መጽሐፉ አዲስ አበባ ታትሞ ሲመጣ የመጀመሪያውን ለሐጂ ወሰድኩላቸው። በማሽን የተሰፋ ነበር፤ እጥፋቱን ገልጠው አዩና ሁለት ዓመት አይቆይም አሉ። አንድ ዓመት ተኩልም አልቆየ። ከዚያ በኋላ ያን ቲያትር በብዙ ከተማ ሠርቻለሁ፤ ሌላም ጽፌያለሁ። ሐጂ ግን አንድ ጊዜ ብቻ አዳራሽ መጥተው አዩኝ። ከፊት ወንበር ተቀምጠው ነበር። ክሩን ሳረጥብ ጎን ለጎናቸው ወዳለው ሰው ዞረው ግራ ጉንጫቸውን በጣታቸው ሲያሳዩት ከመድረክ አየኋቸው።

ያረፉት አገሩ መታመስ ከመጀመሩ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። እኔ ያን ጊዜ አዲስ አበባ ነበርኩ፤ የቀብራቸው ሰዓት አለፈኝ። ለተዕዚያ፣ ለሦስቱ ቀን ለቅሶ፣ ስደርስ ቤቱ ጢም ብሏል፤ ሽማግሌዎቹ ትልቁ መደብ ላይ ናቸው። ከበሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ማንም አልነበረም። ጫማዬን አውልቄ ገባሁና ከበሩ ኋላ ወዳለችው መደብ ሄጄ ተቀመጥኩ። የወንድማቸው ልጅ መጥቶ ክንዴን ያዘኝና ከፍ በል፣ ቦታህ እዚህ አይደለም አለኝ። እሳቸው ያዩኝ ከዚህ ሆነው ነው አልኩት። ምን ማለቴ እንደሆነ አልገባውም፤ ግን ተወኝ።

ከዚያ ቦታ ሲያዩ ባዶው መደብ ልክ ፊት ለፊት ነው። ሦስቱንም ቀን እየመጣሁ እዚያው ተቀመጥኩ። ሰው ገባ፣ ሰው ወጣ፤ ዱዓ ተደረገ፤ ሻይ መጣ፣ ብርጭቆው ተነሳ። እኔ አልተነሳሁም። እናቴ ብታየኝ ልጄ አይደለም ትል ነበር።